ራይዘን 5 5600ኤክስን ኦቨርክሎክ ላድርገው ወይስ እንዳለ ልተወው?

ሰሌዳ7፦

ሰላም ለሁላችሁ። የቤት ኮምፒውተሬን ኦቨርክሎክ ላድርግ (ከፋብሪካ ከተሰጠው ፍጥነት በላይ ልግፋው) ወይስ ይቅር እያልኩ ስወዛገብ ሰንብቻለሁ። ያለኝን ልዘርዝርላችሁ። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600ኤክስ፣ ማዘርቦርዱ ቢ550፣ ራሙ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ነው፤ ማሸጊያው ላይ 3200 ይላል። ማቀዝቀዣው ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ካርቶን የመጣው ትንሹ ፋን ነው። ፓወር ሰፕላዩ 550 ዋት።

ሥራዬ ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም ላይ ነው። ሪንደር ሳደርግ (ሲኑን ወደ ምስል ሳስለውጥ) ሙቀቱ 86 ዲግሪ ይደርሳል፣ ፍጥነቱም ከ4.2 ጊጋኸርዝ ብዙም አያልፍም፤ ካርቶኑ ግን 4.6 ነው የሚለው። አንድ ቪዲዮ ላይ ያየሁት ሰው ሁሉንም ኮር (የፕሮሰሰሩን የሥራ ክፍሎች) 4.7 ላይ አድርጎ ቮልቴጁን 1.4 ላይ ቆልፎታል፤ ምንም አይሆንም ይላል። እኔም ምንም ሳልነካው፣ ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት፣ ቮልቴጁ 1.45 ሲል አያለሁ። ታዲያ በራሱ ጊዜ 1.45 ከወሰደ 1.4 ምን ይጎዳዋል?

መተዳደሪያዬ ይሄው ኮምፒውተር ነው፤ ሌላ የለኝም። ስለዚህ ከምን ልጀምር፣ የት ላይ ልቁም የሚለውን ብትነግሩኝ ነው የምመርጠው።


ቋሚ_ሰዓት፦

ወንድሜ፣ ያለህን ዘርዝረህ ስለጻፍክ ለመመለስ ይመቻል። ቪዲዮውን አትከተል። ኮምፒውተርህ ግን ከአሁኑ የበለጠ መፍጠን ይችላል፤ ለዚያ ደግሞ ቮልቴጅ መጨመር አያስፈልግህም።

ከ1.45 ልነሳ፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ሥራ ፈትቶ ሳለ የምታየው ቁጥር አንድ ወይም ሁለት ኮር ለቅጽበት ነቅተው ወደ 4.6 ሲወጡ የሚሰጣቸው ቮልቴጅ ነው። በዚያች ቅጽበት በቺፑ የሚያልፈው ከረንት ትንሽ ነው፣ ሙቀቱም ዝቅተኛ ነው። ሪንደር ስትጀምርና ስድስቱም ኮር ሲጫን ፕሮሰሰሩ ራሱ ቮልቴጁን ወደ 1.2 አካባቢ ያወርደዋል። ሁለቱን ቁጥሮች አታወዳድር፤ የሚሠሩት በተለያየ ጭነት ላይ ነው። ቺፕ የሚያረጀው ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ ብዙ ከረንትና ሙቀት አንድ ላይ ሲመጡበት ነው። በውስጡ ያሉት እጅግ ቀጫጭን የብረት መስመሮች አተሞቻቸው በኤሌክትሮን ጎርፍ እየተገፉ ቀስ በቀስ ከቦታቸው ይሸሻሉ፤ ኤሌክትሮማይግሬሽን የሚባለው ይሄ ነው። 1.4 ላይ ስትቆልፈው ፕሮሰሰሩ ከዚህ ራሱን የሚጠብቅበትን ዘዴ ትነጥቀዋለህ። በአንድ ቀን አይሞትም። ትናንት 4.7 ላይ ረግቶ ይሠራ የነበረው ግን ከጊዜ በኋላ በዚያው ቮልቴጅ መንጠልጠል (ሃንግ ማድረግ) ይጀምራል፤ ያኔ ሰውየው ደግሞ ቮልቴጅ ይጨምርበታል።

የምታገኘውን ደግሞ በሒሳብ እየው። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ነው የሚያድገው። በ4.3 ጊጋኸርዝና በ1.2 ቮልት የሚሠራውን 4.6 እና 1.35 ላይ ብታወጣው ፍጥነቱ በ7 በመቶ ሲጨምር ኃይሉ በ35 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ሪንደር አራት ደቂቃ አጠረልህ ማለት ነው። ያ ትንሽ ፋን 35 በመቶ ተጨማሪ ሙቀት ይዞ አይዘልቅም። በዚያ ላይ ሁሉንም ኮር አንድ ቁጥር ላይ ከቆለፍክ ፕሮሰሰሩ ለቀላል ሥራ አንዱን ኮር ብቻ ከፍ የሚያደርግበት ነጻነት ይጠፋል፤ ድሮ በነጻ ታገኘው የነበረውን 4.6 በሙቀት ገዛኸው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ከሁሉ በፊት ታስክ ማናጀር ክፈት፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ገብተህ ሜሞሪ የሚለውን ጫንና ስፒድ አጠገብ ያለውን ቁጥር አንብብ። 2133 ወይም 2400 ካለህ ራምህ 3200 ላይ ሠርቶ አያውቅም። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው፣ ራሙን ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ፍጥነት የሚያስነሳው ምርጫ (በአንዳንድ ማዘርቦርድ ዲኦሲፒ ይባላል) እስካልበራ ድረስ ራሙ የሚነሳው በዝቅተኛው ፍጥነት ነው። አብዛኛው ሰው ቤት ያለው ኮምፒውተር እንዲህ ሆኖ ነው ዓመታት የሚሠራው፤ ይሄ ሁልጊዜ ያበሳጨኛል። ሁለቱ ራሞች ደግሞ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ማስገቢያ ላይ መሆናቸውን እይ።

ከዚያ ሙቀትና ቮልቴጅ የሚያሳየውን ኤችደብሊውኢንፎ የሚባል ፕሮግራም አውርድና ሪንደር እያደረግክ ሁለት መስመር ተመልከት፤ ሙቀቱን እና ፒፒቲ (ፕሮሰሰሩ እንዲወስድ የተፈቀደለት የዋት ገደብ) የሚለውን። 5600ኤክስ ከፋብሪካ ሲወጣ በፒፒቲ የተፈቀደለት 76 ዋት ነው፤ የሙቀት ጣሪያው 95 ዲግሪ። ፒፒቲው መቶ በመቶ ላይ ተጣብቆ ካየኸው ፍጥነትህን የያዘው የዋት ገደቡ ነው። 86 ዲግሪ ራሱ አይገድለውም፤ ግን ቺፑ ሲሞቅ በትንሽ በትንሹ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ የሚያባክነው ዋትም ይጨምራል። ስለዚህ አቧራውን አጽዳ፣ ተርማል ፔስቱ ከደረቀ ቀይር፣ ስትችል ከፍ ያለ የአየር ማቀዝቀዣ ግጠም። ገንዘብ የምታወጣ ከሆነ እዚህ ላይ አውጣው።

ለአንተ የምመርጥልህ ማስተካከያ ፕሮሰሰሩ ለየፍጥነቱ የሚጠይቀውን ቮልቴጅ የሚቀንሰው ከርቭ ኦፕቲማይዘር ነው። ባዮስ ውስጥ ፕሪሲዥን ቡስት ኦቨርድራይቭ (ፒቢኦ) ሥር ታገኘዋለህ። ኔጋቲቭ 10 ብለህ ለሁሉም ኮር ስጥ። እያንዳንዱ ቁጥር ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ነው፤ 10 ማለት ከ30 እስከ 50 ሚሊቮልት ቀነስክ ማለት ነው። በዚያው 76 ዋት ውስጥ ቮልቴጁ ስለቀነሰ ትርፉን ዋት ፕሮሰሰሩ ራሱ ወደ ፍጥነት ይለውጠዋል። የዋት ገደቡን ከፍ ማድረግ የሚባለውን ፋኑን እስክትቀይር አትንካው።


ጽናት_ኤም፦

ቋሚ_ሰዓት ያለው ትክክል ነው፤ ግን ሰሌዳ7 መተዳደሪያዬ ነው ስላልክ አንድ ነገር ልጨምር።

ኦቨርክሎክ ሲነሳ ሁሉም የሚፈራው ፕሮሰሰሩ ይቃጠላል ብሎ ነው። ዘመናዊ ፕሮሰሰር ሲሞቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ከባሰም ራሱን ያጠፋል። እኔን የሚያስፈራኝ ሳይንጠለጠል የሚሳሳት ኮምፒውተር ነው። ሰማያዊ ስክሪን ቢያሳይህ ችግር እንዳለ ዐወቅክ። ራሙ ከአንድ ቢሊዮን ቢት አንዱን ገልብጦ ቢጽፍልህ ግን ማንም አይነግርህም፤ የተሳሳተውን ፋይል አስቀምጠህ፣ ባክአፕህም ላይ ያንኑ የተሳሳተ ገልብጠህ ትሄዳለህ።

የሥራ ባልደረባዬ ኮምፒውተር ላይ ያየሁትን ልንገርህ። የጨመቃቸው ፋይሎች አልፎ አልፎ ሲከፈቱ ሲአርሲ ኤረር (ፋይሉ ተበላሽቷል የሚል መልእክት) ይላሉ። ዲስኩን ጠረጠርን። ከዚያ የአንድ ትልቅ ፋይል ሃሽ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ቁጥር) አስቆጠርን፤ ያንኑ ፋይል ሳንነካው እንደገና ስናስቆጥር ሌላ ቁጥር መጣ። አንድ ፋይል ሁለት ሃሽ ሊኖረው አይችልም። ራሙ ከተጻፈበት ፍጥነት በላይ ተገፍቶ ነበር፤ ወደ ቦታው ሲመለስ ሃሹ ስንት ጊዜ ብንደጋግመው አንድ ሆነ። ዲስኩ ምንም አልነበረውም። ኮምፒውተሩ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን አልተንጠለጠለም፤ ጌምም ይጫወትበት ነበር።

ስለዚህ ኤክስኤምፒውን ስታበራ፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈ ቢሆንም፣ እንደ ኦቨርክሎክ ቁጠረው። ቮልቴጁም ከ1.2 ወደ 1.35 ነው የሚወጣው። ዊንዶውስ ከመግባትህ በፊት ራም የሚፈትነውን ሜምቴስት86ን ከፍላሽ አስነስተህ ሌሊቱን ሙሉ ተወው። አንድ ስሕተት ብቻ ቢያሳይ አልፏል አትበል፤ ራም ላይ ትንሽ ስሕተት የሚባል የለም። ሁሉንም ከመጀመርህ በፊት ደግሞ ፕሮጀክቶችህን ውጫዊ ዲስክ ላይ ገልብጠህ ገመዱን ንቀለው። ሙከራው እስኪያልቅ መልሰህ አትሰካው።


ንስር_ቢ፦

ግራፊክስ ካርድህ ምንድነው? ብሌንደር ላይ ሳይክልስ የሚባለውን የሪንደር ሞተር ከሆነ የምትጠቀመው፣ ፕሪፈረንስ ውስጥ ሲስተም ገብተህ ካርዱን ብትመርጥ ደህና ካርድ ከስድስት ኮር በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ያን ሳያዩ ለ7 በመቶ መድከም አያስፈልግም።


ሰሌዳ7፦

ንስር_ቢ አመሰግናለሁ። ካርዴ ጂቲኤክስ 1650 ባለ 4 ጊጋ ነው። ትንንሾቹን ሲኖች በእሱ ነው የምሠራው፤ ትልልቆቹ ግን ሜሞሪው ውስጥ አይገቡም፣ ለእነሱ ነው ፕሮሰሰሩ ያስጨነቀኝ።

ታስክ ማናጀሩን አሁን አየሁት። 2400 ይላል! ፋይሎቼን ገልብጬ እንደጨረስኩ ጽናት ባለችው ቅደም ተከተል እሄዳለሁ።


ራስ_ዳሽን፦

መሐል ስለገባሁ ይቅርታ፣ ኢንቴል ላለንስ እንዲሁ ነው? ኮር አይ5 12400 ነው ያለኝ፣ ማዘርቦርዱ ቢ660።


ቋሚ_ሰዓት፦

ራስ_ዳሽን፣ ያንተ ፕሮሰሰር ማባዣው (ቤዝ ክሎክ በሚባለው መነሻ ፍጥነት ተባዝቶ የኮሩን ፍጥነት የሚሰጠው ቁጥር) ተቆልፏል። ኢንቴል ላይ ኮሩን ለመግፋት ስሙ መጨረሻ ላይ ኬ ያለበት ፕሮሰሰር (ለምሳሌ 12600ኬ) እና ዜድ የሚል ማዘርቦርድ (ዜድ690፣ ዜድ790) ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ቢ660 ግን ራሙን ኤክስኤምፒ ላይ እንድታደርግ ይፈቅድልሃል፤ እሱን አብራና ጽናት እንዳለችው ፈትን። ቤዝ ክሎኩን ከ100 ሜጋኸርዝ በላይ በመግፋት መቆለፊያውን ያለፉ ሰዎች አሉ፤ ለሥራ ኮምፒውተር አልመክርህም።

13ኛና 14ኛ ትውልድ ኮር አይ7 ወይም አይ9 ያላችሁ ግን ይሄን አንብቡ። እነዚህ ላይ ኦቨርክሎክ ከማሰባችሁ በፊት ባዮሱን አዘምኑ። ፕሮሰሰሮቹ ሰው ሳይነካቸው ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ መረጋጋታቸውን ሲያጡ ቆይተው፣ ኢንቴል በነሐሴ 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 0ኤክስ129 የተባለውን ማይክሮኮድ (በባዮስ ዝመና የሚመጣ የፕሮሰሰሩ የውስጥ መመሪያ) አወጣ፤ ዋስትናቸውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ዝመናው ጉዳት እንዳይደርስ ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አያድንም። ኤኤምዲም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ2023፣ ራይዘን 7000ኤክስ3ዲዎች ማዘርቦርድ ላይ ሲቃጠሉ ኤስኦሲ ቮልቴጁን (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ላለው የሜሞሪ መቆጣጠሪያ ክፍል የሚሄደውን) 1.3 ላይ በባዮስ ገድቦታል። ከዚህ የምወስደው አንድ ነው፤ ማዘርቦርድ ላይ "አውቶ" የሚል ሁሉ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው ብላችሁ አትመኑ። ኤክስኤምፒ ካበራችሁ በኋላ የኤስኦሲ ቮልቴጁ ስንት ሆነ ብላችሁ ኤችደብሊውኢንፎ ላይ እዩ። ሰሌዳ7፣ ያንተ የ5000 ትውልድ ነው፤ ለ3200 ራም 1.1 አካባቢ ይበቃዋል፣ 1.2 ካለፈ በእጅህ አውርደው።

ስለ ዋስትና የሚጠይቅም ይኖራል። ሁለቱም ኩባንያዎች ከተጻፈው ገደብ በላይ መግፋት ዋስትና እንደሚያሳጣ ጽፈዋል፤ ፒቢኦም እዚያ ውስጥ ይገባል።


ሰሌዳ7፦

ተመለስኩ። ሜምቴስቱ ሌሊቱን ሙሉ ሮጦ ያለ ስሕተት ጨረሰ። ራሙ አሁን 3200 ይላል፤ የኤስኦሲ ቮልቴጁም 1.1 ነው። ሪንደር ላይ ፒፒቲው መቶ በመቶ ነበር፤ ቋሚ_ሰዓት እንዳለው የዋቱ ገደብ ነው የያዘኝ ማለት ነው። ከርቩን ኔጋቲቭ 10 ሳደርገው ሁሉም ኮር ተጭኖ ከ4.3 በላይ ወጣ፤ ሙቀቱም ሁለት ዲግሪ ወረደ። ደስ ሲለኝ መጀመሪያ ኔጋቲቭ 20፣ ከዚያ ኔጋቲቭ 30 ላይ አወረድኩት። ፕሮሰሰሩን ሙሉ በሙሉ የሚጭነውን ፕራይም95 የተባለ ፈተና ሰዓታት ቻለው። የገረመኝ ግን ፈተናውን ካቆምኩ በኋላ ብሮውዘር ላይ ጽሑፍ እያነበብኩ ድንገት ሪስታርት አደረገ። ከባዱን ችሎ በቀላሉ እንዴት ይወድቃል? ሌላም አለ፤ ፍጥነቱ ከፍ ብሎ ይታየኛል፣ የሪንደሩ ጊዜ ግን 20 ላይ ከነበረው አልተሻለም።


ቋሚ_ሰዓት፦

ሁለቱም የሚጠበቁ ናቸው።

ከባዱን ችሎ በቀላሉ የወደቀበት ምክንያት ይሄ ነው። ከርቭ ኦፕቲማይዘር የሚቀንሰው በአንድ ፍጥነት ላይ ያለውን ቮልቴጅ ብቻ አይደለም፤ ከታች እስከ ላይ ያለውን መስመር ሁሉ ነው የሚያወርደው። ፕራይም95 ስድስቱንም ኮር ሲጭን ፍጥነቱ 4.3 ላይ ይቆማል፤ እዚያ ላይ ያለው ቮልቴጅ ገና ትርፍ አለው። ብሮውዘር ስታንቀሳቅስ ግን አንድ ኮር ብቻውን ወደ 4.6 ይዘላል፤ ቮልቴጁ ጠርዝ ላይ የሚቆመው እዚያ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ኮር አንድ ላይ የሚጭን ፈተና ለዚህ ማስተካከያ ማረጋገጫ አይሆንም። ኮርሳይክለር የሚባል ነጻ ስክሪፕት አለ፤ አንድ አንዱን ኮር ለብቻው ተራ በተራ ይጭናል። እሱን ማታ ለቀህ ተኛ።

የትኛው ኮር እንደወደቀ ለማወቅ ኢቬንት ቪውወር ክፈት፤ ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከዚያ ሲስተም ውስጥ ዊያ-ሎገር (የሃርድዌር ስሕተት መዝጋቢ) የሚል ቀይ ምልክት ያለበትን ፈልግ። ቁጥሩ 18 ከሆነ ዝርዝሩ ውስጥ ፕሮሰሰር ኤፒክ አይዲ የሚል ታገኛለህ። ያን ለሁለት ብታካፍለው ብዙውን ጊዜ የኮሩ ቁጥር ነው፤ 4 ካለ ኮር 2 ማለት ነው፣ ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር። ባዮስ ውስጥ ሁሉም ኮር የሚለውን ፐር ኮር (ለእያንዳንዱ ኮር ለየብቻ) ላይ ቀይረህ ለዚያ ኮር ብቻ ቁጥሩን በአምስት ወደ ዜሮ መልስ። በብዛት የሚወድቁት ራይዘን ማስተር በሚባለው የኤኤምዲ ፕሮግራም ላይ ኮከብ ያለባቸው ምርጥ ኮሮች ናቸው፤ እነሱ ከፋብሪካው በዝቅተኛ ቮልቴጅ ስለተቀረጹ የሚቀነስላቸው ትርፍ ትንሽ ነው። ደካሞቹ 25 ላይ ሲረጉ ምርጦቹ 10 ላይ ቢቀሩ አይግረምህ።

ፍጥነቱ ወጥቶ ጊዜው ያላሻሻለበትን ደግሞ ኤችደብሊውኢንፎ ላይ ኢፌክቲቭ ክሎክ (በትክክል የተሠራበት ፍጥነት) የሚለው መስመር ያሳይሃል። ቮልቴጁ በጣም ሲያንስ ፕሮሰሰሩ ከመውደቅ ለመዳን የሰዓት ምቱን ለቅጽበት ይለጥጠዋል። የተጻፈው 4.5 ሆኖ እውነተኛው ከዚያ ያንሳል። ኮሩ ሙሉ በሙሉ በተጫነበት ሁለቱ ቁጥሮች በግልጽ ከተራራቁ ከመጠን በላይ ቀንሰሃል ማለት ነው። እኔ ሁልጊዜ የማምነው የሪንደሩን ሰዓት ነው፤ አንድ ሲን መርጠህ በእያንዳንዱ ለውጥ እሱን ብቻ ለካ።


ጽናት_ኤም፦

ፐር ኮሩን እስክትጨርስ ድረስ የደንበኛ ሥራ አትክፈትበት። ሪስታርት ካደረገ በኋላም ዊንዶውሱ ራሱ ፋይል ተበላሽቶበት ሊሆን ስለሚችል ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍተህ የዊንዶውስን ፋይሎች የሚፈትሸውን ኤስኤፍሲ ስካንናው (sfc /scannow) የሚለውን ትእዛዝ አስኪደው። ባዮስ ማዘመንም ካሰብክ መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ዲፎልት መልሰህ ነው፤ ባዮስ እየተጻፈ ኮምፒውተሩ ቢወድቅ ማዘርቦርዱን ልታጣው ትችላለህ።


ሰሌዳ7፦

እሺ፣ ወደ 15 መልሼ ከዚያ ፐር ኮር እሄዳለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የሆነ ቁጥር ሰጥቼው ስክሪኑ ጭራሽ ባይበራስ?


ቋሚ_ሰዓት፦

መጀመሪያ ታገስ። ራም ነክ ለውጥ ከሆነ ማዘርቦርዱ ራሱ ደጋግሞ ሞክሮ ካቃተው ወደ ዲፎልት ይመለሳል፤ በመሐል ሲጠፋና ሲበራ ብታየው አትደንግጥ፣ ኃይሉንም አትቁረጥበት። ብዙ ደቂቃ ቆይቶም ካልመጣ አጥፋው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከጀርባው ንቀል፣ የማብሪያ ቁልፉን ተጭነህ ጥቂት ሰከንድ ያዝ። ማዘርቦርዱ ላይ ሲኤልአር ሲሞስ ተብሎ የተጻፈባቸው ሁለት ትንንሽ የብረት ፒኖች አሉ፤ በጠፍጣፋ ብሎን መፍቻ ጫፍ ሁለቱን አንድ ላይ ለአሥር ሰከንድ ያህል ንካቸው። ካላገኘሃቸው ክቧን ሲአር2032 ባትሪ አውጥተህ አምስት ደቂቃ ቆይተህ መልሳት። መልሰህ ስታበራው ባዮሱ ከፋብሪካ እንደወጣ ሆኖ ይነሳል። ኤክስኤምፒውም አብሮ ስለሚጠፋ፣ አሁን የረጋልህን ሴቲንግ ሁሉ ዛሬውኑ የባዮሱን ገጾች በስልክህ ፎቶ እያነሳህ አስቀምጥ።